የአፍ ስህተትና የዝምታ ጥፋት

«ጣልያንኛ አላውቅም» የሚል የከተማ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣልያንኛ ሲናገር ይውላል። ጠዋት ፉርኖ ገዝቶ በሻይ ይበላል፤ ወይም ማኪያቶ ያዛል። ጎማው ቢተነፍስበት ጎሚስታ ይፈልጋል፤ መኪናው ቢቆሽሽበት ላቫጆ ይገባል፤ መካኒኩ በካቻቪቴ ሲፈታ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን ሲያይ ቆሞ ይመለከታል። ማታ ለልጁ ካራሜላ ይዞ ሲመለስ፣ ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ካልቾና ቴስታ ተቃምሶ ይጠብቀዋል። ከወዳጁ ሲለያይም «ቻው» ብሎ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። ጣልያን በወረራው ዘመን ባወጣው የአዲስ አበባና የአሥመራ መንገድ ዳር የተሰለፉት ከተሞች፣ ደሴም፣ ሐይቅም፣ ወልድያም በእነዚሁ ቃላት ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይጠግናሉ።

ቃላቱ ግን ከባለቤታቸው ቤት እንደወጡ አልቀሩም። ፎርኖ ለጣልያኑ ምድጃ ነው፤ እኛ ከምድጃው የወጣውን ዳቦ ፉርኖ አልነው። ቴስታ ለእሱ ራስ ማለት ነው፤ ለእኛ በራስ መምታት ሆነ። ማኪያቶ «ጠብታ ያረፈበት፣ የጎደፈ» ማለት ነው፤ አስተናጋጇን «የጎደፈ አምጪልኝ» እያልን እንደምናዝ ልብ የሚል የለም። ከሁሉም የሚገርመው ቻው ነው። የቬኒስ ሰዎች ለአክብሮት «ባሪያዎ ነኝ» ይባባሉ ነበርና፣ ባሪያ የሚለው ቃላቸው በአፍ ሲመላለስ ተሸራርፎ ቻው ሆነ። በጣልያን አገር ዛሬም ለመገናኛም ለመለያያም ያገለግላል፤ እኛ ለመለያያ ብቻ አስቀረነው። ለባዕድ አልተገዛንም ብሎ የሚኮራ ሕዝብ በየመንገዱ ማዕዘን «ባሪያዎ ነኝ» ተባብሎ ይለያያል ማለት ነው!

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ስህተት ነው? ስህተት ከሆነስ ጥፋት ነው? አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። ቃል ተውሶ፣ እንደ ራስ ልብስ አሳጥሮና አጥብቦ መልበስ ማንንም አይበድልም። ጣልያኑ የእኛን ፉርኖ ቢሰማ ይስቅ ይሆናል እንጂ የጎደለበት ነገር የለም። ቃል ግን ሁልጊዜ የተዋስነው ዕቃ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ለሌላ ሰው የሰጠነው አደራ ነው። አደራ የሆነውን ቃል በሁለት ቋንቋ በሁለት መልክ ማስቀመጥ ከፉርኖው ስህተት ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይችልም። አፍ መሳቱ ይቅር ይባላል። ሌላው ሰው የተሳሳተውን እንደሰማ እያወቁ ዝም ማለት ግን ምን ይባላል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

አስቀድሞ ስለ አፍ እንነጋገር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጣልያንኛ ሊማር ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው የገዛ ፊደሉ ነው። «መቶ» የሚለውን ቼንቶ፣ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ኪዬዛ ብሎ ማንበብ አለበት፤ እሱ «ች» ይሆናል ብሎ የጠበቀው ጽሕፈት «ክ» ሆኖ፣ «ክ» ወይም «ስ» ይሆናል ያለው «ች» ሆኖ ይገኛል። ለምስጋና «ግራጽዬ» ሊል ሲገባው የመጨረሻውን ድምፅ ይውጠውና «ግራጺ» ይላል። «ላዛኛ» ውስጥ ያለችውን «ኝ» ለማውጣትም ሁለት ፊደል ማገጣጠም ግድ ይሆንበታል። እኛ ለዚች ድምፅ ራሷን የቻለች ፊደል አለችን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መጥበቅና መላላት ነው። ጣልያኑ ኖኖ ሲል፣ ሁለተኛው ድምፅ ላልቶ ሲነገር «ዘጠነኛ» ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነገር «አያት»። የእንግሊዝኛው ጆሮ ለዚህ ደንቆሮ ነው፤ የእኛ ግን አይደለም። «ገና ነው» ሲባል በዓሉ ይሁን ጊዜው አለመድረሱ የሚለየን በመጥበቅና በመላላት ነው። ልዩነቱ ጣልያኑ የጠበቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ የእኛ ፊደል ግን ለአንባቢው ትቶለት ያልፋል። ስለዚህ አማርኛን ከወረቀት ብቻ የተማረ ባዕድ «አለ» የሚለውን ሲያነብ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ሊጠፋበት ይችላል። ጽሕፈት ሁሉን አይናገርም። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አፍ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ትርጉም አለ። «ፕሬጎ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ስትተረጎም «እለምናለሁ» ማለት ነች። ጣልያኑ ግን አመስግነኸው ሲመልስም ፕሬጎ፣ በር ከፍቶ ሲያስገባህም ፕሬጎ፣ ወንበር ሲያቀርብልህም ፕሬጎ፣ ተራህን ሲሰጥህም ፕሬጎ ይላል። ሰው ቤት ሲዘልቅ «ፔርሜሶ» ይላል፤ ቃሉ «ፈቃድ» ነው፤ በእኛ አገር «ቤቶች!» ከሚለው ጥሪ ጋር ይቀራረባል። ገበታ ላይ እንግዳውን «ሲ ሴርቫ» ይለዋል፤ «ራስዎን ያስተናግዱ፣ ያንሱ» እንደማለት። እነዚህን ቃል በቃል የሚመልስ ሰው ቃሉን አግኝቶ ነገሩን ያጣል።

የእኛም እንዲሁ ነው። «እሺ» ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት «መስማማት» ይለናል። ኑሮ ግን ሌላ ይለናል። የወሎ ሽማግሌ እንግዳው የጠየቀውን እስኪጨርስ ድረስ «እሺ፣ እሺ» እያለ ያዳምጣል፤ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለቱ ነው። «እሺ፣ እናያለን» ካለ ደግሞ አይሆንም ሊልህ አፍሮ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለው ተረት እኛ ቃሏን ምን ያህል እንደምንወዳት እንጂ ምን ያህል እንደምንታሰርባት አይናገርም። ይህን የማያውቅ ባዕድ ነጋዴ እሺታን ቆጥሮ ውል ተፈጸመ ቢል፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ? የእሱ? ወይስ መካከል ላይ ቆሞ ሁለቱንም እያወቀ ዝም ያለው የአስተርጓሚው?

ይህ ጥያቄ የቡና ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ገበታ ላይ «ያንሱ» ከሚለው ከዚያው ከጨዋው ግሥ ጋር ተያይዞ አንድ ጊዜ አገር ሊያጠፋ ደርሷል። የሆነውም እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ አምባሰል ምድር ላይ ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ስፍራው ይስማ ንጉሥ ይባላል። ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው፤ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው «ይቻላቸዋል» በሚለው ፈንታ የገባው «ኮንሴንቴ ዲ ሴርቪርሲ» ነው፤ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል «ይስማማሉ፣ ተቀብለዋል» ማለት ነው።

ልብ ብለን እንመልከተው። በአማርኛው በር ተከፍቷል፤ መግባትና አለመግባት የባለቤቱ ነው። በጣልያንኛው ባለቤቱ በዚያ በር ብቻ ለመግባት አስቀድሞ ቃል ሰጥቷል። ቃሉ ራሱ ጨካኝ አይደለም። ጣልያንኛ «ግዴታ አለበት» ማለት ቢፈልግ ቃል አያጣም ነበር። «ኮንሴንቴ» ለስላሳ ቃል ነው፤ የጨዋ ሰው ቃል ነው። ነገር ግን በውል ወረቀት ላይ «ተስማምቷል» የተባለ ሰው «አልፈልግም» ለማለት አይችልም። ልስላሴው የላይ ነው። አምባሰል በቅኝቱ የታወቀ አገር ነውና በአገሩ አነጋገር፣ ግጥሙ አንድ መስሎ ቅኝቱ ሁለት ሆነ ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው አንቀጽ 19 ነው። የውሉ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። እንዲያ ከሆነ፣ አማርኛውን ያነበበ ጣልያንኛውን አነበበ፤ ምኒልክም ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። አንቀጽ 17 ላይ የተደበቀው ነገር አንቀጽ 19 ላይ ተከደነ። አስተርጓሚ ሲሳሳት ስህተቱ አንድ ነው፤ «ትርጉሙ ትክክል ነው» ብሎ የሚምል ግን ሌላ ሁለተኛ ነገር ሠርቷል።

የተከተለው የታወቀ ነው። ጥቅምት 1882 ዓ.ም. የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በበርሊኑ ስምምነት አንቀጽ 34 መሠረት ነገሩን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር ናት ተባለ። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጭነው ይህን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። የመጣላቸው መልስ ግን ጉዳይዎን በኢጣሊያ በኩል ያድርጉ የሚል መንፈስ ነበረው። ንጉሡ ይስማ ንጉሥ ላይ ያልሰሙትን የሰሙት ያን ጊዜ፣ ከሩቅ አገር በመጣ ደብዳቤ ነው። መስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ።

ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህች አንቀጽ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ እሷ ብቻ መጽሐፍ ጻፈ፤ ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በበኩሉ ተሟገተው። ማን ምን አውቆ ነበር፣ ማን ማንን አታለለ የሚለው የሊቃውንቱ ሙግት ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን አንድ ነገር ይበቃል። አንቶኔሊ ትናንት የመጣ እንግዳ አልነበረም። ሸዋ ውስጥ ዓመታት ኖሯል፤ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር በልቷል፣ ጠጥቷል፤ አማርኛም እንግዳው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው «ይቻላል» እና «ተስማምቷል» ሁለት መሆናቸውን አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ካወቀ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር በእጁ ነበር፦ «ጃንሆይ፣ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይላል» ማለት። ይህን ለማለት የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሳችን ሊቃውንት ሥራ ትዝ ይለናል። ከውሉ ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የቆየ የትምህርት ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምር አንዱን የግዕዝ ቃል ያነሣና «እንዲህ ማለት ነው» ብሎ አያበቃም። «አንድም» ይላል፤ ሁለተኛውን ትርጉም ያመጣል። እንደገና «አንድም» ይላል፤ ሦስተኛውን ያክላል። ተማሪው ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ነገር መሸከሙ ለመምህሩ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከተሸከመው አንዱን መደበቅ ነው። የውጫሌው ወረቀት የጎደለው ይህች «አንድም» ናት። ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ሰሚው እንዲሰማ የተደረገው ግን አንዱን ብቻ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለእኛ ደስ የሚል ነው፤ ጥፋተኛው ሌላ ነውና። የግብረ ገብ ጥያቄ ግን ወደ ራስ ሲዞር ነው የሚፈተነው። አንቶኔሊ ውሉን ለማዳን ተመልሶ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በአቋማቸው ጸኑ። ጥር 1883 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ግን መፍትሔ የተገኘ መሰለ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ቀረበ፤ አንቶኔሊ አንቀጽ 17 እንዳለ የሚያቆይ ነው ብሎ አምኖ ፈረመ። በኋላ በደንብ ሲነበብለት አንቀጽ 17 መሰረዙን የሚናገር ሆኖ አገኘው። ተቆጣ፤ ድርድሩም ፈርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ ሲወራ እንስቃለን። «ብድር በምድር» እንላለን። ሰውዬው በቆፈረው ጉድጓድ ገባ ብለን እንረካለን። እኔም ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን በ1881 ዝምታን ጥፋት ካልን፣ በ1883 ዝምታን ብልሃት ማለት እንችላለን? መልሱ ቀላል አይደለም። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። አንቶኔሊ የፈረመው አማርኛ በእጁ ነበር፤ አስነብቦ ሊፈርም ይችል ነበር። ወረቀቱ የወሰደበትም የሱ ያልሆነውን ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ነጻነት የማንም ንብረት አይደለምና። የውጫሌው ዝምታ ግን ከባለቤቱ የወሰደው የገዛ ነጻነቱን ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል አይደሉም። እኩል አለመሆናቸው ግን ሁለተኛውን ምግባር አያደርገውም። የተቀማውን ንብረት በጨለማ የመለሰ ሰው ሌባ አይባልም፤ ልጁን ግን በጨለማ መሄድን አያስተምረውም። ምኒልክም ቢሆኑ የሚያኮራቸው ሥራ ያ ወረቀት ሳይሆን ቀጥሎ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ያደረጉት ነው፦ ውሉን እንደማይቀበሉት በግልጽ፣ ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ አስታወቁ።

ከዚያ የመጣው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ በአንድ ቃል ምክንያት ብቻ ተደረገ ማለት አይቻልም። ኢጣሊያ መሬት ትፈልግ ነበር፤ ያ ቃል ባይኖር ሌላ ሰበብ አይጠፋም ነበር። ይሁን እንጂ ሰበብ የሆነው ያ ቃል ነው። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሰርዞ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ሲያረጋግጥ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር። ጣልያንኛ ቀረ። በማታመን አፍ ምክንያት ቋንቋው ራሱ ከገበታው ተነሣ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያልፍ በሕዝብ ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ትቶ ያልፋል፤ የባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል። ለዚህ ምክንያት የሆኑም አልጠፉም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣልያን አገር ተምሮ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ለጣልያኖች የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል፤ የአማርኛ ልብ ወለድም የጀመረው እሱ ነው። በወረራው ዘመን ግን ለወራሪው አድሮ «አፈ ቄሣር» ተባለ። ስሙ ራሱ ፍርዱን ይናገራል፤ አፍ ነበረው፣ አፉ ግን የሌላ ሰው ሆነ። «ባንዳ» የሚለውም ቃል በጣልያንኛ «ጭፍራ» ከማለት አያልፍም፤ እኛ ጋ ሲመጣ የከሃዲ ስም ሆነ። ይህኛው ግን የአፍ ስህተት አይደለም። ሕዝቡ ያየውን አይቶ ቃሉን እንደገና ተረጎመው፤ ከመዝገበ ቃላቱም ይልቅ እውነተኛ ትርጉም ሰጠው።

ጥርጣሬው ግን ፍትሕ የሚሆነው ቋንቋውን ሳይሆን ዝምታውን ሲጠረጥር ነው። አፈወርቅን የሚያስወቅሰው ጣልያንኛ ማወቁ አይደለም። ጣልያንኛ የሚያውቅ ሰው ይስማ ንጉሥ ላይ በምኒልክ አጠገብ ቆሞ «አንድም» ቢል ኖሮ፣ ያ ሰው የአገር ባለውለታ ይሆን ነበር። ችግራችን ባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መብዛቱ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ማነሱ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል። በብዙ ቋንቋ በሚኖር አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ አስተርጓሚ እንዲቆም ያዛል እንጂ፣ የቆመው ሰው ተከሳሹ በፍርሃት «እሺ» ሲል «እየሰማሁ ነው» ማለቱን ለዳኛው እንዲነግር ሊያስገድደው አይችልም። ያ የሕሊናው ጉዳይ ነው። በሐኪም ፊት የቆመችው እናት ልብሴን «ፍርፍር ፍርፍር ይለዋል» ብላ ስትነግር ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር፣ ሮም ወይም ሚላኖ ውስጥ ጥገኝነት የሚጠይቅ ወጣት የሸሸበትን ምክንያት ሲናገር በጣልያንኛ የሚያስተላልፍ፣ ለአረብ አገር ሥራ የምትሄድ ልጅ የማታነበውን ውል ስትፈርም አጠገቧ የሚቆም ሰው ሁሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይስማ ንጉሥ ላይ ቆሟል። በመካከል ያለው ሰው ብቻ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። ሁለቱ የተግባቡ መስሏቸው ሳይግባቡ እንደቀሩ የሚያውቅም እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፉርኖአችንን ፉርኖ፣ ካልቾአችንን ካልቾ እያልን እንኑር፤ ጣልያኑም ይሳቅብን። ግራጽዬን ግራጺ የሚል እንግሊዛዊም ቢያጋጥመን አንቆጣው። የአፍ ስህተት መማር ነው፤ ካልተሳሳቱ አይናገሩም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አፍ ሳይስት፣ ሰዋስው ሳይጣስ፣ ሁለቱም ወገን አንገቱን እየነቀነቀ ሁለት ነገር ሲሰማ ነው። ያን ጊዜ ያየ ሰው «ቆይ፣ እሱ የሰማው ሌላ ነው» ማለት ይገባዋል፤ ገበያው ቢፈርስም፣ አለቃው ቢቆጣም፣ ፊርማው ለነገ ቢያድርም። የአምባሰሉ ስፍራ ስሙ ይስማ ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ ይስማ ማለት ነው። በዚያን ቀን ሳይደረግ የቀረው ይህ ብቻ ነበር።